የመበለቷ እጆች

ባውክዬ ሆላንድ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ ባልደረቦቿ አንድ ሳጥን የዘይት ቀለም ሰጧት። ሥዕል እንደሚያምራት ለማንም ተንፍሳ አታውቅም፤ ማን እንደጠረጠረ እንጃ። ሳጥኑ ቁም ሳጥን ላይ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በሦስተኛው ዓመት ባሏ ሹርድ ላሞቹን ሸጦ ቤት ዋለና ቀኑን ሙሉ እግር እግሯን ይከተላት ጀመር። ይኼኔ ሳጥኑን አንስታ ሌዋርደን ከተማ ወዳለው ሙዚየም ሄደች።

እዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የጥንት ሥዕል እያዩ በመገልበጥ ቀለም ይማራሉ። መምህሯ ሂስኬ በዕድሜ ልጇ ልትሆን ብትችልም ፊቷ በቀላሉ አይፈታም።

“የሚያምረውን ሳይሆን ዓይንዎ አልለቅ ያለውን ይምረጡ” አለቻት።

ባውክዬ የመረጠችው አንዲት መበለት ነበረች፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተሣለች፣ ቤቷ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ያሳረፈች፣ የእጅጌዋ ጫፍ ብቻ ነጭ የሆነ ጥቁር ለባሽ።

መጀመሪያ ቡናማ ቀለም ብቻ ነበር። ቀጥሎ ስስ ቀለም፣ እሱ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በላዩ ደግሞ ሌላ ስስ። ቀለሙ የተበጠበጠበት የተልባ ዘይት እንደሆነ በማንም ጥድፊያ አይደርቅም። ከመበለቷ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነጭ መስሏት ነበር፤ ቀርባ ስታየው አረንጓዴም፣ ግራጫም፣ ጥቂት ወይን ጠጅም አለበት። ማታ ቤቷ ገብታ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች።

“ሹርድ፣ ይሄ ግድግዳ ነጭ ይመስልሃል?”

“የቀባሁት እኔ ነኝ። የገዛሁትም ነጭ ነው።”

እጆቹ ላይ ስትደርስ ግን ሥራው እምቢ አለ። ሦስቴ ሠርታ ሦስቴ ፋቀች።

“ጓንት መስለዋል” አለች ሂስኬ። “ቤትዎ አንድ ሰው አስቀምጠው የእውነት እጅ ይዩ።”

ቤቷ ያለው ሰው አንድ ነው። እሑድ ከሰዓት ሹርድን መስኮት ሥር አስቀመጠችው፤ ጥቁር ሻል አልብሳ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ ነጭ የገበታ ጨርቅ ወትፋለት። በዚያ ሰፈር መጋረጃ የሚዘጋ የለምና ጎረቤቷ ግሪት ስታልፍ አየችው። ብስክሌቷን አቁማ መስኮቱን አንኳኳች።

“ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?”

“መበለት ነኝ!” አለ ሹርድ ሳይነቃነቅ። “ባሌ ሞቶብኝ!”

“እግዜር ያጽናሽ፣ እቴ!” ብላ ግሪት እየሳቀች ሄደች።

ባውክዬም ስቃ ስታበቃ እጆቹን ማየት ጀመረች። አርባ ዓመት ላም ያለቡ፣ አንጓቸው ያበጠ እጆች ናቸው። የግራው ትንሽ ጣት አይዘረጋም።

“ይቺ ጣትህ መቼ ነው የተጣመመችው?”

“አንዷ ጊደር ረግጣኝ። ያኔ… አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ፅንሱ የወረደብሽ ጊዜ።”

“እና ምነው ሳትነግረኝ?”

“አንቺ የራስሽ ይበቃሽ ነበር።”

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ብሩሹን አስቀምጣ ሄደችና ያቺን ጣት በቀለም በተነከረ እጇ ያዘቻት።

“አትንቀሳቀስ ብለሽኝ የለ እንዴ?” አለ ሹርድ ቀስ ብሎ። እሱም አልተንቀሳቀሰም፤ እሷም ቶሎ አልለቀቀችው።

ማክሰኞ ሂስኬ ሸራው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመች።

“እነዚህ የመበለቷ እጆች አይደሉም።”

“አውቃለሁ። ላስተካክላቸው?”

“ከነኳቸው እንጣላለን።”

በሰኔ የተማሪዎቹ ሥራ በሙዚየሙ መተላለፊያ ተሰቀለ። ሹርድ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ መጣ። ጥንታዊቷን መበለት አየ፤ የሚስቱን አየ፤ ወደ ጥንታዊቷ ተመለሰ።

“ይቺ ሴትዮ በዕድሜዋ አንድ ላም አላለበችም” ብሎ ፈረደ።

ሂስኬ ልትጨብጠው መጥታ እጁን ይዛ ገልበጥ አድርጋ ስታየው፣ አፍሮ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ባልና ሚስቱ ወጥተው ጣቢያው አጠገብ የተጠበሰ ዓሣ በሉ።

“ቀጥሎ ማንን ልትሥዪ ነው?”

“አንድ ቄስ መርጫለሁ። ባለ ጢም ናቸው።”

ሹርድ ከማግስቱ ጀምሮ ጢሙን መላጨት ተወ።