ለለቅሶ የወጣው ጋሻ

ሥራ የገባሁ ቀን የያኔው ኃላፊ ቁልፍ፣ ለስላሳ ብሩሽና ነጭ ጨርቅ ሰጡኝ። «ቆዳ ውኃ አይነካውም። ብር በአመድ አይፈተግም። ጎብኚ ያያል እንጂ አይነካም» አሉኝ። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። እስከ ቀትር ግን አንድ አሮጌ ኮርቻ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ አቧራውን ሲያንሳፍፈው፣ ዕቃዎቹ ሁሉ ተኝተው የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር።

ሙዚየማችን ደብረ ታቦር ውስጥ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ጦር አለ፣ የብራና መጽሐፍ አለ፣ ድሮ ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ የተረፈ የቀለጠ ብረት ስብርባሪ አለ። ከሩቅ የመጣ ጎብኚ ቶሎ ዞሮ ይጨርስና «እማማ፣ ይኸው ነው?» ይለኛል። «አንተ ቸኮልክ እንጂ እሱስ ብዙ ነው» እለዋለሁ። አንዳንዱ ስቆ እንደገና ይዞራል።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እየተናገርኩ ነው ያስጻፍኩት። ባለሙያዎቹ ዕቃውን በቁጥሩ ያውቁታል። እኔ የማውቀው በመጣበት ቤት ነው፦ ደጁ ላይ ዋንዛ ያለበት ቤት፣ ውሻው ቀሚሴን የቀደደበት ቤት። ዕቃ ፍለጋ ገጠር ሲወጡ እኔን ያስከትሉ ነበር። እግሬ መሄድ ይወዳል፤ ሽማግሌዎችም ከወረቀቱ ይልቅ ከኔ ጋር መጫወት ይቀላቸዋል።

አያ ተገኘን ያገኘናቸው እንዲህ ነው። ጋፋት፣ ማሳቸው ዳር ቆመው የአያታቸውን በብር ያጌጠ የጎሽ ቆዳ ጋሻ ሰጡን። ባለሙያው አስፈርሞ ወደ መኪናው ሄደ። አያ ተገኘ እጄን ያዙኝ።

«እንግዲህ ስሞት በምን ይለቀስልኛል?»

በአገራችን የሟች ጋሻ፣ ልብስና መሣሪያ ለቅሶ ላይ ይወጣል። ምንም ያልወጣለት ሰው ባዶ ቤት እንደነበረው ይቆጠራል።

«እኔ አመጣዋለሁ» አልኳቸው። መኪናው ጡሩምባ ነፋ፤ ተሳፈርኩ። ለባለሙያው ልነግረው አስቤ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሰማያዊውን የተልባ አበባ ሳይ ረሳሁት።

ከዓመታት በኋላ አንድ ማለዳ ልጃቸው ሙሉ መጣች። ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ ከተማ ውስጥ ሱቅ የከፈተች ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«አባቴ ትናንት ዐረፉ። ለቅሶው ዛሬ ነው። ጋሻውን ሙዚየም ያሉት ሴትዮ ያመጡታል ብለውኛል።»

«ወረቀት አለሽ፣ ልጄ?» አልኳት።

«እርስዎን እንጂ ወረቀት አልጠሩም።»

አዲሱ ኃላፊ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት፣ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ያለሱ ፊርማ ዕቃ ከደጅ አይወጣም። ካወጣሁት እባረራለሁ፤ ካላወጣሁት አያ ተገኘ እንደ ባዶ ሰው ይለቀስላቸዋል። ጋሻውን ከሚስማሩ አወረድኩ። በነጭ አንሶላ ጠቅልዬ፣ በሩን ቆልፌ ከሙሉ ጋር ባጃጅ ተሳፈርኩ።

ባጃጁ ከማይገባበት ጀምሮ በእግር ሄድን። ጉም ባሕር ዛፉን ይዞት ነበር። ምድር የረገጥኩ አልመስለኝ አለ፤ ክብደት ያለው ያቀፍኩት ጋሻ ብቻ ነበር።

ለቅሶው ሜዳ ላይ የአያ ተገኘ ታናሽ ወንድም ጋሻውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ይቅርታ፣ ከእጄ አይወጣም» አልኩ። ስለዚህ እኔው ከፍ አድርጌ ይዤ ከዘመድ ፊት ፊት ዞርኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ።

«ይቺ ደግሞ ምናቸው ናት?»

«እኔ እንጃ። ውሽማቸው ትሆን?»

«በዚህ ዕድሜ?»

«ያኔማ ልጅ ነበረች።»

ሙሉ እያለቀሰች ዘወር አለችና «የጋሻው ሞግዚት ናቸው» አለቻቸው።

ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐይዋ የጋሻውን ብር መታችው። አልቃሿ መጀመሪያ የአያትየውን ስም ጠራች፣ ቀጥሎ የአባታቸውን፣ ከዚያ የሳቸውን። ስንት ዓመት የጠረግኩትን ጋሻ ማን ማን እንደያዘው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሚስማሩ መለስኩት። የሜዳውን አቧራ በብሩሽ አራገፍኩለት።

በማግስቱ ኃላፊው ሲመለስ ራሴ ነገርኩት።

«ቢሰበርስ? ቢሰረቅስ? ምን ብዬ ልመልስ ነበር?» አለኝ።

«እውነትህን ነው» አልኩት።

ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ማንበብ ስለማልችል ራሱ አነበበልኝ።

«ገባዎት?»

«መጨረሻውን ድገምልኝ።»

«ቢደገም ከሥራ ይሰናበታሉ ነው የሚለው።»

«አዎ፣ እሱን ነው የጠላሁት።»

ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ብዕሩን አነሳ። «ሌላስ? እንዲህ ቃል የገቡለት ሰው አለ?»

በዕቃዎቹ መካከል ይዤው ዞርኩ፤ አመጣዋለሁ ያልኩት ሌላ ሁለት ነበር። የእስቴው ከበሮ ለደብሩ ንግሥ፣ የፋርጣዋ ሴትዮ ካባ የልጅ ልጇ ስትዳር። እያንዳንዱ ፊት ቆሞ ጻፈና ለበላዮቹ አቀረበ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ዕቃው በፊርማ፣ ከጠባቂ ጋር ወጥቶ በዚያው ቀን እንዲመለስ ተፈቀደ። ጡረታ ሳልወጣ ሁለቱንም ወስጄ መልሻለሁ።

እናንተ ሥራውን የምትረከቡ፣ ዕቃ ስትቀበሉ ሰጪው መቼ እንደሚፈልገው ጠይቁ። የተባባላችሁትን እዚያው፣ መኪና ላይ ሳትወጡ አጽፉ። እኔ አጽፌው ቢሆን ሙሉ በአባቷ ለቅሶ ቀን ደጅ ቆማ አትለምንም ነበር።