የእሁድ ጠዋት ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ እጄን ልታጠብ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ስሄድ፣ ከሥሩ ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ሊደርቅ ተሰጥቶ አገኘሁ። ጥቁሩ፣ ውሃ የማይፈራው ዓይነት ነው። መሐሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ደርቆበታል። አንስቼ አሸተትኩትና ወደነበረበት መለስኩት። ልጄ ቤዛ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ታያለች። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ብርጭቆ ወረቀት የሚያስነካት ሥራ የላትም። ሳልጠይቃት እጄን ታጥቤ ገባሁ።

የመኪና ጎድጓዳ የሚሞላበት ስቱኮ በውሃ ሲፈገፈግ የሚተወውን ሽታ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ እሁድ እሁድ ጠዋት እጄ የሚሸተው እሱን ነበር። ሌላዋ ልጃገረድ በዚያ ሰዓት ፀጉሯን ትሠራለች፤ እኔ የአባቴን መኪና እሠራ ነበር።

አባቴ፣ ዲላ ሙሉ ጋሽ ገብሬ የሚለው፣ በወጣትነቱ ከወልቂጤ በኩል መጥቶ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ቆርቆሮ፣ ምስማርና የቤት ቀለም ይሸጣል። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ሦስተኛችን ሰማያዊዋ ቮልስ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ወናጎን አልፎ እስከ ዱመርሶ ይወርዳል። ቡና ሸጦ ሣር ቤቱን በቆርቆሮ የሚለውጥ ገበሬ ብዙ ነው፤ አባዬ ቤቱን ራሱ ለክቶ፣ ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃው ነግሮ፣ የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክሞ ይመለሳል። ያለ መኪናዋ ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ የቆመ አንድ ሽማግሌ ነው። በመኪናዋ ግን ጋሽ ገብሬ ነው።

ዓይኑን ሞራ እየጋረደው መሆኑን እሱ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሱቅ ውስጥ ማንም አይጠረጥርም ነበር፤ ምስማሩን በጣቱ ይለየዋል። ስድስት ቁጥር ሲሉት እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ፣ አንዱን በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ "ይሄ ስምንት ነው፤ ማን ነው የቀላቀለው?" ይላል። የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ እያየ።

መጀመሪያ በመኪናዋ የጫረው የገዛ ግቢያችንን በር ነው። በማግስቱ ጎረቤት ነገረውና "እነዚህ የሠፈር ልጆች!" ብሎ ተቆጣ። እኔ በሩ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም አይቻለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ እሁድ በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በሩንም መኪናዋንም አስተካከልኩ። እንዲህ ተጀመረ።

ቀለም ቀቢ አልነበርኩም፣ ግን የቀለም ነጋዴ ልጅ ነኝ። ሰማያዊ የዘይት ቀለም ከነጭ ጋር በቆርቆሮ ክዳን ላይ እቀላቅላለሁ፤ ሲደርቅ ስለሚጠቁር መጀመሪያ ክዳኑ ላይ አድርቄ አየዋለሁ። መኪናዋ ፀሐይ የበላት ናትና ትንሽ ቡናማ ካልገባበት አይመሳሰልም። ጎድጎድ ያለውን ከውስጥ በመዶሻ ገፍቼ፣ ስቱኮ ቀብቼ፣ ሲደርቅ እፈገፍገዋለሁ። ጠርዙን በጥርስ ሳሙና አሸዋለሁ። አባዬ ከቅዳሴ በኋላ ጽዋ ማኅበር ስለሚቀመጥ ጊዜ አላጣም። ሲመለስ ቲነር እንዳይሸተው ሽንኩርት መጥበስ እጀምራለሁ።

ማንን ነው የምደብቀው? ዲላ ሙሉ ያውቅ ነበር። ጋሪ ነጂው ቮልሷን ሲያይ ፈረሱን ቦይ ውስጥ ያስገባል። የቡና መኪና ሹፌሮች ገና ከሩቅ "ጋሽ ገብሬ መጡ፣ መንገድ ስጡ!" እየተባባሉ ዳር ይይዛሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ለሌላው መኪና የበሩን አንድ ክንፍ፣ እሱ በበዓል ቀን በቮልሷ ሲመጣ ግን ሁለቱንም ይከፍታል። አንድም ሰው ግን "ጋሽ ገብሬ፣ ዓይንዎ" አላለም። ለቅሶ ላይ የቆመላቸውን፣ ለቤታቸው ቆርቆሮ ዱቤ የሰጠውን ሰው እንዴት ብለው? እኛ ሰው አክብረን ገደል እንሸኛለን።

የዚያ ዓመት ጥቅምት ዝናቡ አልቆም አለ። ከወናጎ ጀምሮ የቡና ገለባ የመኮምጠጥ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል፤ የእሸት ቡና ቅርጫት የተሸከመ ሰው በየዳሩ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ አባዬ ከዱመርሶ እንደልማዱ ቆጮውን ይዞ ገባ። ካፖርቱን እየተቀበልኩት "መንገዱ እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ጭቃ ነው። ቅርንጫፍ ቢጤ ነካኝ መሰለኝ። ሳትበዪ ነው የጠበቅሽኝ?"

በማግስቱ እሱ እንደወጣ መኪናዋ ሥር ተንበረከክሁ። የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ፣ የጎማው መሸፈኛ፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። የግንብ ጭረት ረጅም ነው፤ ይሄ ክብ ነበር፣ ቡጢዬን ያስቀምጣል። ፓራፋንጎው ከመርገጫው ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር ተሰክቷል። ስስበው የቅርጫት ስባሪ ነው።

ከዚያ አጥሩን አሻግሬ ወረወርኩትና መዶሻውን አነሳሁ። የዚያን ቀን ሥራዬ ከሁሉም አማረ።

ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። አልዋሽም። ስቱኮው ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ስለማግኘት ነበር የማስበው።

ረቡዕ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ከዱመርሶ ወደ ሱቃችን መጡ። ትልቁ አቶ ጅግሶ ይባላሉ፤ አባዬ ቤታቸውን ለክቶላቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ጋሽ ገብሬ፣ ለክስ አልመጣንም" አሉ አቶ ጅግሶ፣ ሴቱንም እንደ ወንድ በሚጠራው አማርኛቸው። "አስቴር የሚባል ሴትዮ አለ፣ እኛ ቀበሌ። ቅዳሜ ማታ ማታ ላይ፣ ከቡና ሲመለስ፣ መኪና ነካው። እግሩ ተሰበረ። መኪናው አልቆመም። ትንሽ ነው፣ ሰማያዊ ነው ብሎ ነገረን።"

አባዬ ከባንኮኒው ኋላ ወጣ። "ቅዳሜ እዚያው ነበርኩ። በዚያው ሰዓት ነው የተመለስኩት" አለ። "ግን ሰው ብነካ መኪናዋ ላይ አይታይም? ኑ፣ እዩት።"

በር ላይ ነበር ያቆማት። ዞሯት። አቶ ጅግሶ መዳፋቸውን በፓራፋንጎው ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ፤ እኔ ምስማር ሳጥን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነባለሁ። ምንም አላገኙም።

"ይሄ ነገር ሶንጎ ገብቷል" አሉ ዘወር ብለው። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ነው፤ እዚያ ውሸት አይነገርም። "አንድ ቃል ይስጡንና እንሂድ።"

አባዬ በእኔ ስም ምሎ አያውቅም። ነጋዴው ሁሉ "ልጄ ትሙት" እያለ በሚሸጥበት ከተማ እሱ "ልጅ የመሐላ ዕቃ አይደለችም" ይል ነበር። ያን ቀን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"ሰናይት ትሙት፣ ሰው አልነካሁም።"

አቶ ጅግሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ማሩን፣ ጋሽ ገብሬ። ክፉ ነገር አሰብን" አሉ። ሦስቱም በየተራ ይቅርታ ጠየቁት፤ እሱም አቀፋቸው። ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ቀለም ነበረብኝ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። ከሄዱ በኋላ አንድ ሰውዬ ማጠፊያ ሊገዛ መጣና ሸጥኩለት።

አባዬ ያን ቀን ከሰዓት ደንበኛ አላስተናገደም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። በመስኮቱ አየዋለሁ፤ መኪናዋን ከኋላ ጀምሮ በጣቱ ይዳብሳታል። በሩን አለፈ። መርገጫውን አለፈ። የቀኝ ፓራፋንጎው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። አቶ ጅግሶ ያላገኙትን እሱ አገኘው፤ ስድስት ቁጥርን ከስምንት የሚለይ እጅ ነው።

"ሰናይት፣ ነይ።"

ሄድኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስቱኮ ነው።"

"መቼ?"

"እሁድ።"

"ጥልቀቱስ?"

ቡጢዬን ጨብጬ መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ጣቶቹን ዘግቶ ያዘኝ። ስንት ጊዜ እንደሠራሁ፣ ለምን እንደሠራሁ አልጠየቀኝም።

"በአንቺ እኮ ማልኩ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቆጥቼያለሁ፣ ተቆጥተውኛልም። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ያለ የለም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ዱመርሶ ወረድን። ክንዱን ይዤ ስመራው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አልተቃወመም። ሽማግሌዎቹ ትልቅ ዛፍ ሥር ሣር ላይ ተቀምጠዋል። አስቴር ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት፤ እግሯ በቀርከሃ ታስሮ ከጎኗ ልጇን አስተኝታለች። አባዬ ቆሞ፣ ፊቱን ሰዎቹ አሉ ብሎ ወደገመተው በኩል አዙሮ፣ "ዓይኔ አያይም" አለ። "ዓመት አልፎኛል። አስቴርን የነካኋት እኔ ነኝ፤ መንካቴን አላወቅሁም። የማልኩት መሐላ ውሸት ነው።"

አቶ ጅግሶ "መኪናውን ማን አስተካከለው?" ብለው ጠየቁ።

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አባዬ ትንሽ ጠብቆኛል መሰለኝ። ከዚያ "እቤቴ ነው የተሠራው። የቤቴ ጥፋት የእኔ ነው" አለ። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። ሴት ናት፤ ጥፍሬን አይታለች። ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ታረቁ። ወጌሻውንም፣ እስክትድን የቤቷን ቀለብም አባዬ ቻለ። እግሯ ዳነ፣ ግን አጠረ። መኪናዋን የገደብ ከተማ ሰው ገዝቶ ወሰዳት። ከዓመታት በኋላ የአባዬ ዓይን ሞራው ተነሥቶለት በደንብ አየ፤ መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጠም። ሱቁ ቀዘቀዘ እንጂ አልተዘጋም። ስለዚያች እሁድ እስኪሞት አልተነጋገርንም። አስቴርን ገበያ ላይ ሳገኛት ሰላም እላታለሁ፤ ይቅርታ ግን እኔ ራሴ ጠይቄያት አላውቅም። እሷ ሰላም ስትለኝ አሁንም እጄን ኪሴ እከታለሁ።

ቅዳሜ ያንን ብርጭቆ ወረቀት መልሼ ሳስቀምጥ ይህ ሁሉ አልመጣብኝም፤ የመጣው ሽታው ብቻ ነው። እሁድ ጠዋት ቤዛ ስትታጠብ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ነጭ ስለሆነች ቀለሟ አያስቸግርም። መነጽሬን አውልቄ በጣቴ ከኋላ ጀመርኩ። የኋላ በር፣ የፊት በር። የቀኙ ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ አንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቦታ ከሌላው ይልቅ ለስልሷል።

ቤዛ ፎጣ ጠምጥማ መጣችና ቆማ አየችኝ።

"ግድግዳ ነው፣ እማዬ" አለች።

"የቱ ግድግዳ?"

"እንጃ። ሐሙስ ከወናጎ ለቅሶ ስትመለሺ ነው ያየሁት።"

"ጥልቀቱስ?"

አውራ ጣቷን እስከ አንጓው ለክታ አሳየችኝ። ሐሙስ ዝናብ ነበር። ከፊት ለፊቴ የሚመጡት መኪናዎች መብራት ዓይኔን ወጋው፤ ሰሞኑን ሁሉም መብራት ይወጋኛል። የነካኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ቅርንጫፍ ቢጤ እንኳ።

ልጄ የሠራችው ለእኔ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ለአባዬ ብዬ ነበር፤ የምንወደውን ሰው የምናጠፋው በሌላ በምን ሆኖ። ልቆጣት ፈልጌ ቁጣው አልመጣም። ማልቀስም አልመጣም። የመጣልኝ የአባዬ መዳፍ ነው፣ ጣቶቹ ቡጢዬ ላይ ሲዘጉ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

"ልበሺ። አንቺ ንጂ፣ ቀስ እያልሽ። ወናጎ ድረስ እንሄዳለን።"

"ምን ልናደርግ?"

"ልንጠይቅ።"

እሷ ትነዳለች፣ እኔ በቀኝ በኩል ተቀምጬ የመንገዱን ዳር አያለሁ። ከከተማው እንደወጣን መጀመሪያ ያገኘናት አናናስ የምትሸጥ ሴት ናት። ቤዛን አስቆምኳትና መስኮቱን አወረድኩ።

"እህቴ፣ ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ላይ በዚህ በኩል መኪና የነካው ሰው ነበር?"