የጥጆቹ በር

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ደብረ ታቦር የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። በደርግ ጊዜ ስብሰባ ውለው ጋፋት እኛ ቤት ሲመጡ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ የጥጆቹ ጉረኖ በር ላይ ይቆማሉ። ላሞቹ ከውጭ፣ ጥጆቹ ከውስጥ እምቧ እያሉ ይገፋሉ። እሳቸው ሾልኮ የወጣውን ጥጃ ይመልሳሉ፤ ተጋፍታ የገባችውን ላም ያስወጣሉ።

«ነይ እይ!» ይሉኛል እየጮኹ። «የነርቭ ሴል ማለት ይኸው ነው! ሶዲየሙን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየሙን ወደ ውስጥ ሲመልስ ይውላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስልሻል፤ ግፊያው ግን በሩ ላይ ተወጥሯል። ኤሌክትሪኩ እሱ ነው!»

«በሩ ቢከፈትስ፣ ጋሼ?»

ብርግድ ያደርጉታል። ላሞቹ እየተጋፉ ይገባሉ።

«መልእክቱ አለፈ! በይ ቶሎ እንመልሳቸው!»

«ኧረ ወተቴን!» ትላለች እናቴ ከጓዳ።

ጋሼ የተቀበሩ ዕለት ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ፤ በሩን ያስታወሰ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ብወጣ ላሞቹና ጥጆቹ ተቀላቅለው ተኝተዋል። የሚጮህ የለም፤ የሚገፋም የለም። ጉረኖው እንዲያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ያን ጸጥታ አልቻልኩትም። መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ላሞቹን ወደ ውጭ፣ ጥጆቹን ወደ ውስጥ መለየት ጀመርኩ። በሩን ዘግቼ ቆምኩበት።

ጥጆቹ ጮኹ። እኔም፣ «ነይ እይ!» አልኩ፣ ማንም ሳይኖር።