የአባባ ተራ

ልጄ አዲስ ሶፋ ገዝታ ሳሎኗን ልታሳየኝ ጠራችኝ። መቀመጫው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ጥግ ላይ አስቀምጣኝ ሻይ ልታመጣ ገባች። ብቻዬን ስቀር «ተራዬስ?» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። በራሴ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቃሉ የአባቴ ነበር።

ደርግ በወደቀ ማግስት ባሉት ዓመታት ነው። እኔ ፀጉሬን አጎፍሬ የከተማችን ፒያሳ ላይ የምንጎማለል፣ የማላውቀው ነገር የሌለ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ዛሬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን የምፈልገው ሰውዬ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ገበያ ውስጥ፣ ጨርቅ ተራ፣ አቡጀዴ ሲሸጥ ኖሮ መርሳት ያዘው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ረሳ፤ ቀጥሎ የእናታችንን ሞት፤ በመጨረሻ እኔን። ከቤት እየወጣ ይጠፋል። በክረምቱ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዝናብ ደብድቦት፣ ጭቃ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ደረቱን ታመመ። ሐኪሙ «ሌላ ዝናብ አይችልም» አለን። ጎረቤቱም «በሩን ቆልፉበት» ይለን ጀመር።

እኔ ብልሁ ሳሎኑን አሳመርኩለት። ገንዘብ ተበድሬ አዲስ ሶፋ ገዛሁና በየግድግዳው ደረደርኩ፤ እንዳይቆሽሽ ላስቲኩን እንኳ አላወለቅሁም። አባባ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ «ተራዬስ?» ይላል። ቀበሌ ወረፋ የያዘ መስሎታል አልኩ፤ ሳሎኔን ላየ አይፈረድበትም። «ትንሽ ጠብቅ አባባ፣ ይደርስሃል» እለዋለሁ። እህል አልቀምስም አለ። እህቴ ዘሃራ እንዳይወጣብን በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ትውላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ምነው ዝም ትላለህ? ተራዬ ላይ ሌላ ሰው ዘርግቶበታል! ዕቃዬን የት ልዘርጋ?» ብሎ አለቀሰ።

ለካ ሰውየው የሚጠይቀኝ ወረፋ ሳይሆን ጨርቅ ተራን ኖሯል!

ሶፋውን ወደ ጓዳ ገፋን። መንገደኛ እንዲታየው መስኮቱ ሥር ሰሌን አነጠፍን፤ ሳጥን ውስጥ የተረፈውን አቡጀዴ ዘረጋን፤ ለገዢ በርጩማ አኖርን። አባባ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፤ ጨርቁን በክንዱ ለካና «ሸጋ ነው» አለ። ዘሃራ ምሳውን እንደ ገበያ ስንቅ በአገልግል ብታቀርብለት በላ።

እኔም ደስ ብሎኝ ገዢ ሆኜ ተከራከርኩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

«የሰፈር ልጅ ነኝ፣ አያ።»

«አፍህስ ልጄን ይመስላል፤ እሱም ዋጋ አያውቅ።» ሳቀ። ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ እያየ፣ «ተራዬን ጠብቅልኝ ብዬው ነበር፤ ጠፋብኝ። ካየኸው እዚህ ነኝ በልልኝ» አለ።

«እነግረዋለሁ፣ አያ።»

ጓዳ ገብቼ ሶፋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ላስቲኩን አለማውለቄ ያን ጊዜ ጠቀመኝ።

አባባ እስኪሞት ድረስ ከበሩ አልወጣም። ልጁም አልመጣለትም።

ልጄ ሻይ ይዛ ስትመለስ ሶፋዋን ወደ መስኮቱ ስጎትት ደረሰች።

«ኧረ አባዬ፣ ወገብህን! ምን እያደረግህ ነው?»

«ተራ እየያዝኩ» አልኳት።

ሻዩን አስቀምጣ፣ እየሳቀች ሌላውን ጫፍ አነሳችልኝ። ኋላ እኔም እንደ አባባ መርሳት ይዞኝ «ተራዬስ?» ብዬ ስጠይቃት ወረፋ እንዳይመስላት ብዬ ነው።