የገሃድ ወተት

ላሊበላ ውስጥ የገና ተሳላሚን እግር ማጠብ የማያውቅ የለም። ከሩቅ ገጠር በእግሩ የመጣውን ከመንገድ ጠርተን፣ ጫማውን አውልቀን፣ በሳፋ ለብ ባለ ውሃ አጥበን እግሩን እንስማለን፤ ሰዓቱ ሲደርስ የሚቀምሰውን በሶም እንሰጠዋለን። ደግ ልማድ ነው። ያበላሸነው እኛ ነን። በሰፈራችን "ማን ቤት ብዙ ሰው ታጠበ" የሚል ፉክክር አለ። ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አጣቢዋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ የምትቀርጸው "ጀምሪ" እስክትላት ትጠብቃለች፤ እንግዳው እግሩን እንደነከረ ውሃው ይቀዘቅዝበታል። ሰው እያማሁ አይደለም። አንገት ሰበር ማድረጉን ከሁሉም የምችልበት እኔ ነበርኩ።

ያን ዓመት በገሃድ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ደጄ ደረሰች። ከኮን ወዲያ ካለ የዋድላ ገጠር ሦስት ቀን ተጉዛ ነው የመጣችው። አስቀምጬ አጠብኳት። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፤ ሳምኩት። ጎረቤቴ ቀረጸችኝ። አምሮብኝ ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗን መግለጥ እንኳ ታክቷታል። እናቷ በሶውን በጥብጣ ብታቀምሳት አስመለሳት።

"እትዬ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከትናንት ወዲህ እህል አልረጋላት አለ። ትንሽ ወተት ቢያገኙልኝ? እንዳትሞትብኝ ፈራሁ።"

ወተት ነበረኝ። ጓሮ የታሰረችው ላሜ ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንደማይጾም፣ የታመመም እንደማይገደድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ጎረቤቴን አየኋት። ስልኳን ገና አላወረደችም።

"በገሃድ ወተት?" አልኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማኝ። "ላሊበላ ደጅ ድረስ መጥተሽ ጾም ልታስገድፊያት ነው? አንድ ቀን ነው የቀራት፤ ታግሣ በረከቱን ትውሰድ። ይልቅ ጸበል አጠጫት።"

"እውነቷን ነው" አለች ጎረቤቴ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። እግሯን ስላጠብኩላት መረቀችኝና ልጇን አዝላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደች።

ሳፋውን ይዤ ጓዳ ገባሁ። የአምስት ዓመት ልጄ መደብ ላይ ተቀምጣ ወተቷን ትጠጣለች። አፍልቼ የሰጠኋት ራሴ ነኝ፤ በሩን የዘጋሁት ሰው እንዳያይ ብዬ ነው።

"እማ፣ ጨረስኩ። ድገሚኝ" አለች።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን ራሴን ንቄ አላውቅም። የቀረውን ወተት በፔርሙዝ ሞልቼ ሮጥኩ።

በገና ዋዜማ ላሊበላ ውስጥ ነጠላ የለበሰች፣ ልጅ ያዘለች ሴት መፈለግ ከአንድ ቁና ጤፍ አንዷን ፍሬ እንደ መፈለግ ነው። መንገዴ ላይ ባለ ሆቴል በረንዳ ፈረንጆች ማኪያቶ ይጠጣሉ። ወተቱ የሚሄድላቸው ከእኛው ሰፈር ነው፤ እነሱን ገሃድ ነው ብሎ የሰበካቸው የለም። ስብከታችን አቅም ለሌለው ነው።

ያገኘኋቸው ጥላው ከዞረ በኋላ፣ ቤተ ማርያም አጠገብ ግድግዳ ተደግፈው ነው። የሰፈራችን ሴቶች ቦታ ይዘው በዙሪያቸው ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቴም አለች። ልጂቱ እናቷ ጭን ላይ ተዘርግታለች። በፔርሙዙ ክዳን ወተት ቀድቼ ዘረጋሁላት።

ሴትዮዋ ወተቱን አየችው፤ እጇን ግን አልሰነዘረችም።

"የለም እትዬ። እርስዎ እንዳሉት አንድ ቀን ነው የቀራት። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ሳላውቅ ነው የጠየቅሁዎት። በረከቱን አላሳጣትም።"

"ሕፃን አይጾምም" አልኳት። አላመነችኝም። "የታመመ አይጾምም" አልኳት። ምን ብላ ትመነኝ? ጠዋት ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ልጂቱ ወተቱ ሸቷት ነው መሰለኝ ከንፈሯን ላሰች። ተንበረከክሁ፤ የሚቀርጸኝ ይኑር አይኑር ዞሬ አላየሁም።

"የኔ ልጅ ዛሬ ጠጥታለች" አልኩ። "አንቺን ደጅ ላይ ስከለክልሽ እሷ ጓዳ ሆና እየጠጣች ነበር።"

ጎረቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ የእሷም ታናሽ ልጅ ቤት እንዳለ፣ ምን እንደሚጠጣም አውቃለሁ።

እናትየዋ ክዳኑን ከእጄ ተቀብላ ልጇን ቀና አደረገቻት። ልጂቱ የመጀመሪያውን ጉንጭ አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ዋጠችው። ተመልሶ አልወጣም። ሁለተኛውን፣ ክዳኑን ራሷ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣችው።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው። ቁጣ የለባትም፤ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

"ታዲያ እትዬ፣ ጓዳ ያለችው ሕፃን ከሆነች፣ የኔዋ ምን መስላዎት ነው?"