እንሰት የማያውቅ ሰው ያዘዘው

በጃንሆይ ዘመን ከሸንኮራ እርሻው ካምፕ ያስወጡኝ ሰርቄ ወይም ተሳድቤ አይደለም። ውሃ በተራዬ ልቅዳ ስላልኩ ነው። የአገሬ የሺንሺቾ ሰዎች፣ ይህ ይታወቅልኝ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነውና የጽሕፈቴን ግድፈት እለፉት።

ከአገር የወጣነው ጭጋጉ ሳይገፈፍ ነበር፤ ባለቤቴ ሄራሞ አገዳ ሊቆርጥ፣ እኔ እሱን ተከትዬ። እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝና ፊቷን አዞረች። የካምፑ ሙቀት ቆጮውን በሁለት ቀን አደረቀው። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል፤ እዚያ ሰው የሚጠራው በቤት ቁጥሩ ነው።

ቧንቧው አንድ ነው። ማልደን ስንሰለፍ ዘበኛው፣ "እናንተ ቆዩ፣ የፎርማኖቹ ሚስቶች ይቅደሙ" ይለናል። አንድ ቀን እንስራዬን ከቧንቧው ሥር አስቀምጬ አልነሳም አልኩ።

በሳምንቱ ጸሐፊው አቶ ግርማ አስጠራኝ። የሰላሌ ሰው ነው። የፈረንጁን ማናጀር ደብዳቤ ይዞ፣ "ኒፕ ኢት ኢን ዘ በድ" ብሎ አነበበልኝ።

"ምን ማለት ነው ጋሼ?"

"እምቡጡን ሳይፈነዳ ቀንጥሰው ማለት ነው። ነገር ሳያድግ ሲያስቆሙ እንዲህ ይላሉ። ሌሎቹ ካንቺ ሳይለምዱ ከካምፑ ትወጫለሽ። ባልሽ ሥራው ላይ ይቆያል።"

"ፈረንጁ እንሰት ተክሎ ያውቃል?"

"እንሰትን ምን አመጣው?"

"እኛ ችግኝ ስንፈልግ እንሰቱን ከነሥሩ ነቅለን መሃል ልቡን እንፈለፍለዋለን። ከዚያ አፈር እናለብሰዋለን። ልቡ ካልወጣ ያው አንድ እንሰት ነው። ከወጣ ግን ዙሪያውን ሃያ ሠላሳ ያበቅላል።"

ሳቀ። "ይህንን በእንግሊዝኛ ጻፍ እንዳትይኝ።"

"በአማርኛም ቢሆን ጻፈው። እዚሁ ካምፑ ቤቴ ልቆይ ብላለች በል።"

ዕቃዬን ከአጥር ውጪ አወጡት። አንዲት ከሆመቾ የመጣች ሴት ከአጥሩ ማዶ ባለ ጎጆዋ ውስጥ ማደሪያ ሰጠችኝ። ሄራሞ ማታ ማታ በሽቦው በኩል ያናግረኛል።

በወጣሁ ማግስት እዚያው ካምፕ የምትኖረው የሄራሞ እህት እንስራዋን ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች። ዘበኛው እሷን ሲያነሳ ከዱራሜ የመጣች ሌላ ሴት ተተካች። በሦስተኛው ቀን እንስራው መንገዱን ሞላው፤ የፎርማኖቹም ቤት ውሃ አጣ።

አቶ ግርማ ሌላ ደብዳቤ ይዞ እስከ አጥሩ መጣ።

"ከእንግዲህ ውሃ በመጡበት ተራ ይቀዳል ተብሏል።"

"እኔስ ጋሼ? ወደ ቤቴ ልግባ?"

ወረቀቱን ገለበጠው፣ ጀርባውንም አየ።

"ስላንቺ የተጻፈ የለም።"