ባለ ሁለት ድርብ ገሳ

ከጅጋ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ የገጠር ቀበሌ ንግሥቴ የምትባል ገሳ ሠሪ ነበረች። ረግረግ ዳር የሚበቅለውን ሣር በበጋ አጭዳ ታደርቃለች፤ ክረምት ሲቃረብ ከአንገት እስከ ጉልበት የሚወርድ የዝናብ ካባ አድርጋ ትጎነጉነዋለች። ሁልጊዜም ሦስት ድርብ ነው። የእሷን ገሳ የለበሰ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ውሎ ጀርባው ደረቅ ሆኖ ይገባል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ሣሩ ውኃ ሲጠጣ የጎረምሳ ትከሻ እንኳ ያደክማል።

በ1995 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ባሏ ትዕዛዙ ለሰኔ ሚካኤል ግሽ ዓባይ ወጥቶ ጠበል ሊጠመቅ ቆረጠ። ደረቱን ካመመው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዳገት ላይ በየመሐሉ እየቆመ ነው የሚተነፍሰው። መንገዱ በእግር ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሰኔ ደግሞ ዝናብ ነው። ከባዱን ገሳ ተሸክሞ እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቁታል።

ጅጋ ገበያ ወርደው ለዝናብ የሚደረብ ላስቲክ አዩ። ተጣጥፎ ጉያ ውስጥ የሚገባ ስስ ነገር ነው። ንግሥቴ በሁለት ጣቷ ወጠር አድርጋ ተመለከተችው።

"አንድ እሾህ ካገኘው አለቀለት" አለች።

"ቅለቱ ግን ደግ ነው" አለ ባሏ።

"ገሳ ሠሪዋ ባሏን እንደ ስኳር በላስቲክ ጠቅልላ ሰደደችው ልባል?"

"እንግዲያ የአንቺን ልልበስና እኔን አንቺ ተሸከሚኝ" አለ ትዕዛዙ። ሻጩ ሳቀ። ንግሥቴ አልሳቀችም፤ ላስቲኩን መልሳ አስቀመጠችው።

በዚያው ሳምንት ሠርታ የማታውቀውን ገሳ ሠራች። ድርቡ ሁለት ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ከወገብ አይወርድም። ስትጨርስ ደጅ ያለውን ምሰሶ በነጠላዋ ጠቅልላ ገሳውን አለበሰችው፤ ሁለት እንስራ ውኃም ቀስ አድርጋ አፈሰሰችበት። ውኃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ መሬት ወረደ። ነጠላውን ፈታ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነበር። ምሰሶ ግን አይራመድም፤ ክንዱን አያነሳም፤ ሲያስለውም አይጎብጥም። ይህን ያሰበችው በኋላ ነው።

ትዕዛዙ ከጎረቤቱ ከወልደ ሥላሴ ጋር ሄደ። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ተመለሱ። ንግሥቴ ደጃፉ ላይ ተቀበለችው።

"አስገባብህ?"

"ጠብታ አላስገባም። ላባ በይው፤ እጅሽ ይባረክ።"

ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ገሳውን ስታነሳለት ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ርሶ ከቆዳው ተጣብቋል። እሱ ወደ እሳቱ ተመለከተ።

"ደግ" አለች። ሸሚዙን አውልቃለት፣ ጀርባዋን ሰጥታው ጨመቀችው።

ትኩሳቱ በማግሥቱ ጀመረ። በቃሬዛ ጅጋ ወስደውት መድኃኒት ተሰጠው፤ በዘጠነኛው ቀን አረፈ። በእነዚያ ቀናት ስለ ገሳው ሁለቱም አላነሡም።

ከአርባው በኋላ ወልደ ሥላሴን ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው።

"መርጠብ የጀመረው መቼ ነው?"

"የመጀመሪያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ። ዳገቱን ጎንበስ ብሎ ሲወጣ ትከሻው ላይ ሣሩ ተከፈተ።"

"ያንተ ሦስት ድርብ አልነበረም እንዴ?"

"እንቀያየር ብዬው ነበር እኮ፣ እታለም። እምቢ አለ። 'ብቻ ንግሥቴ እንዳትሰማ' ብሎ አስማለኝ። ይኸው መሐላዬን አፈረስሁ።"

ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ደረቱስ ድሮም ታሞ አልነበር እያለ አጽናናት። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ከሕመሙና ከዝናቡ የትኛው እንደገደለው ለይቶ የሚነግራት አልነበረም። እሷም ማንንም አልተከራከረችም። በቀጣዩ በጋ ግን ሣር አላጨደችም። ለገሳ የመጡትን ሌላ ሠሪ ዘንድ ላከቻቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጅጋ ገበያ ላይ ላስቲክ በሜትር መሸጥ ጀመረች። አንድ ቅዳሜ እህተ ማርያም የምትባል የሰፈሯ ሴት ለአባቷ ልትገዛ መጣች፤ ሽማግሌው ሩቅ መንገድ አለባቸው።

"እትዬ ንግሥቴ፣ ውኃ ያስገባል ይሆን?"

"እንጃ" አለች ንግሥቴ፤ "እኔ አልሠራሁትም።"

ስንት ሜትር እንደምትፈልግ ጠይቃት መለካት ጀመረች።